ፀሐይ የተባለችው አይሮፕላን፤ ትውልዷና ምርኮዋ

በጦርነት የተማረከ ዕቃ ሁለት ታሪክ አለው፤ አንደኛው ማራኪው የሚጽፍለት፣ ሁለተኛው ዕቃው ራሱ በገዛ አካሉ ተሸክሞት የሚኖረው ነው፤ የታሪክ መርማሪም ተግባር አንዱን ከሌላው እያስተያየ እውነቱን መለየት ነው። በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወድቃ ወደ ኢጣልያ የተወሰደችው፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህልም በባዕድ አገር ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተመለሰችው አይሮፕላን ፀሐይ እንዲህ ያለ ምርመራ የሚገባት ናት።

አስቀድሞ ግን ማንነቷን ማጥራት ይገባል። ፀሐይ በኢትዮጵያ ምድር ያረፈች ቀዳሚት አይሮፕላን አይደለችም፤ ይህ ክብር ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ ፈረንሣዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ያሳረፋትና «ንስረ ተፈሪ» የተባለችው የፖቴዝ 25 አይሮፕላን ነው። ከዚያም በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎች አይሮፕላኖች ከልዩ ልዩ አገር እየተገዙ ገቡ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም የአብራሪነትን ጥበብ ተምረው ከኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ቀዳሚዎቹ ሆኑ። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ አይሮፕላኖች በባዕድ አገር ተሠርተው የመጡ ሲሆኑ፣ ፀሐይ በዚሁ በአገራችን መሬት ላይ በመሠራት የመጀመሪያዪቱ ናት፤ የክብሯም መሠረት ይህ ነው።

የሠራት የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪክ ቬበር ሲሆን፣ ከእርሱም ጋር ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሥራው ተካፍለዋል። የአይሮፕላንን ትውልድ የሚቈጥሩ ሰዎች አካሏን መርምረው የንድፏን ዘር ወደ ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ወደ ኤሪኽ ማይንድል ይመልሱታል፤ ሞተሯም 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የቼኮዝሎቫኪያው የዋልተር ፋብሪካ ሥራ ነው። እንግዲህ ንድፏም ሞተሯም ከባሕር ማዶ የመጡ ሲሆኑ ኢትዮጵያዊት መባሏ ስለ ምንድር ነው ቢባል፣ መልሱ የተሠራችበት ስፍራ አዲስ አበባ፣ ያሠራት መንግሥት የኢትዮጵያ፣ መጠሪያዋም «ኢትዮጵያ 1» ስለ ሆነ ነው። ፀሐይ የተባለችውም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ነው፤ ልዕልቲቱም በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የሕሙማንን አገልግሎት ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው።

ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን የኢትዮጵያን ወሰን ጥሶ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ ነበረ። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች እጅግ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው፣ መልእክትና መድኃኒት፣ ሰውና ስንቅ የሚያመላልሱ ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ በቦምብ የተቃጠሉ አሉ። ፀሐይ ግን ሠላሳ ሰዓት ያህል ብቻ በርራ ሳለች ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ የተዋጊ መሣሪያ ያልተሸከመችውንም አይሮፕላን እንደ ድል ምልክት አድርጎ ወሰዳት። ወደ ኋላም ከሮማ በስተሰሜን በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለተመልካች ቆመች። የዘመን ጓደኞቿ ተሰብረውና ተቃጥለው ሲጠፉ እርስዋ በምርኮ ስለ ተጠበቀች በሕይወት ተረፈች፤ ይህ ግን የማራኪውን በደል አያነጻውም፤ ዕቃን ከጥፋት መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ የባለቤቱን መብት ማክበር ሌላ ነገር ነውና።

ይህም መብት በሕግ የተጻፈ ነበረ። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ፣ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከኢትዮጵያ የተወሰዱት የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ቅርሶች በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዛል። ይሁን እንጂ በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እንኳ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ አልተመለሰም፤ ፀሐይም ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ጠብቃለች።

ስለዚህ ታሪኳን ለልጆች የምናስተምር ሰዎች ከእውነቱ ሳንጨምርም ሳንቀንስም መናገር ይገባናል። የቬበርን ዕውቀት፣ የማይንድልን ንድፍና የዋልተርን ሞተር መመስከር የኢትዮጵያን ክብር አይቀንሰውም፤ ይልቁንም አገሪቱ በዚያ የመከራ ዘመን የዓለምን ጥበብ ወደ ራሷ ስባ በገዛ መሬቷ ለመሥራት እንደ ተነሣች ያስረዳል። በጦርነት የተቋረጠው ይህ የመሥራት ፈቃድ ነው፤ አይሮፕላኒቱን መልሶ መቀበልም ሙሉ የሚሆነው ይህን ፈቃድ ከእርስዋ ጋር ስንቀበለው ነው።