በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሥርዓተ ክወና

ሥርዓተ ክወና ማለት የኮምፒውተሩን አካላት የሚያዝ፥ ሌሎቹንም ፕሮግራሞች የሚያስተዳድር መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ባንድ ዙፋን ሁለት ንጉሥ እንደማይቀመጥ ሁሉ፥ ሁለት ሥርዓተ ክወናዎችም በእኩል ሥልጣን ባንድ ጊዜ አንድን ኮምፒውተር ሊያዝዙ አይችሉም፤ ነገር ግን ባንድ ዲስክ ላይ አብረው ተቀምጠው በየተራ ሊያገለግሉ ይችላሉ። እንግዲህ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ጊዜ የትኛው እንዲነሣ የሚመርጠው ማን ነው? የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይኸው ጥያቄ ነው።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒውተሩን በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ ባስታወቀ ጊዜ፥ ገዢው ከሦስት ሥርዓተ ክወናዎች አንዱን እንዲመርጥ ፈቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ ዶስ 40 ዶላር ሲሸጥ ተወዳዳሪው ሲ.ፒ.ኤም.-86 240 ዶላር ስለ ነበረ፥ አብዛኛው ሰው ወደ ርካሹ አዘነበለ። በዚያን ዘመን ሥርዓተ ክወናው የሚነሣው ከፍሎፒ ዲስክ ስለ ነበረ፥ ሁለቱን ለያዘ ሰው መለወጡ ቀላል ነበር፤ አንዱን ዲስክ አውጥቶ ሌላውን አግብቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ይበቃው ነበርና።

በ1983 ግን 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ያለው ኤክስ.ቲ. የተባለው ኮምፒውተር ወጣ። ይህ ዲስክ ከውስጥ የተተከለ ስለ ሆነ እንደ ፍሎፒው ወጥቶ የሚለወጥ አልነበረም። ስለዚህ በዲስኩ መጀመሪያ፥ 512 ባይት ብቻ በምትይዝ ሥፍራ ላይ፥ አራት መስመር ያላት ሠንጠረዥ ተቀመጠች። ይህች ሠንጠረዥ ዲስኩን እስከ አራት ክፍል ትከፍላለች፤ ከክፍሎቹም መካከል የሚነሣውን በምልክት ታሳያለች። ይህች ትንሽ ሠንጠረዥ ሁለት ሥርዓተ ክወናዎች ባንድ ዲስክ በየክፍላቸው እንዲኖሩ መንገድ ከፈተች።

የዚህን ጥቅም ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ በፊንላንድ ይገኛል። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም በ1987 ሚኒክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ለተማሪዎች ማስተማሪያ አውጥተው ነበር። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኮምፒውተሩ ላይ ሚኒክስን ጭኖ እየሠራ፥ በዚያው ኮምፒውተር የራሱን ሥርዓተ ክወና መጻፍ ጀመረ። አንድ ቀን በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውል ሲል ትእዛዙን ተሳስቶ ወደ ዲስኩ ስለ ላከ፥ የሚኒክስ ክፍል ተበላሸ። እርሱም ሚኒክስን መልሶ በመጫን ፈንታ በራሱ ሥራ ለመቀጠል ቈረጠ። ይህም ሥራ ዛሬ ሊኑክስ ተብሎ በዓለም የታወቀው ነው።

ምርጫው ግን ሁልጊዜ በባለቤቱ እጅ አልቀረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዊንዶውስንና ቢ.ኦ.ኤስ.ን ባንድነት የጫነ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ፤ ሲከፈት ግን የሚነሣው ዊንዶውስ ብቻ ነበር። ቢ.ኦ.ኤስ.ን የሠራው ቢ የተባለው ኩባንያ የዚህ ምክንያቱ የማይክሮሶፍት የፈቃድ ውል ነው ሲል በ2002 ክስ አቀረበ። ማይክሮሶፍትም ጥፋተኛነቱን ሳያምን በ2003 23.25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ጉዳዩ በዕርቅ አለቀ። ቢ.ኦ.ኤስ. ግን ከዚያ በፊት ከገበያ ወጥቶ ነበር።

አፕል በበኩሉ ኮምፒውተሮቹን በኢንቴል ፕሮሰሰር መሥራት በጀመረበት በ2006 ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚያስጭን ቡት ካምፕ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። በ2020 ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ሲዞር ግን ቡት ካምፕ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ቀረ።

«ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢነቀል በሌላው ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ኮምፒውተር ላነሰው ትምህርት ቤት ይህ ምክር ይስማማዋል፤ አስቀድሞ ጽሑፎቹን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ግን የግድ ያስፈልጋል፤ ዲስክ ሲከፈል የሚጠፋው ብዙ ነውና። ከዚህም በላይ፥ ሁለቱን ሥርዓት ባንድ መሣሪያ ላይ ያየ ተማሪ መሣሪያውና የሚያዝዘው ሥርዓት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፥ ምርጫም መኖሩን ይረዳል። አንዱን ብቻ ያየ ግን ያንኑ ኮምፒውተር ማለት ነው ብሎ ያምናል።