የኮንሶ ካብና የዘመቻ እርከን

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ ድንጋይ ካብ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢ ያስገርም ይሆናል። ነገሩ የተነሣው ከአትክልት ቦታችን ነው። ከአትክልቱ በታች ያለውን ተዳፋት ጎርፍ እያጠበ ስላስቸገረን፥ አምና 11ኛ ክፍል ሳለን ድንጋይ ለቅመን ሦስት ረድፍ ካብ ሠርተን ነበር። ክረምቱ አልፎ ስንመለስ ሁለቱ ረድፍ ፈርሶ አገኘነው። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ስንከራከር መምህራችን ሰምተው፥ «ከመጨቃጨቅ ካቡ ያልፈረሰበትን አገር ታሪክ ፈልጉ» አሉን። እኛም ፈለግን።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ካራት የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ በዙሪያዋ ያለው የኮንሶ አገር ነው። ምድሩ ተራራማና ድንጋያማ ነው። ዝናቡ ጥቂት ሲሆን፥ ሲመጣም ባንድ ጊዜ ወርዶ ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ዝናብ ለባዶ ዳገት ከድርቅ የማይሻል ጠላት ነው። የኮንሶ ሰዎች ግን ዳገቱን ከግርጌው እስከ ራሱ በካብ ደረጃ ደረጃ አድርገውታል። ካቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ሥራውም አፈሩን ከመያዝ ያልፋል፤ ውሃውን አቁሞ ያሰርገዋል፥ የተረፈውንም በማፋሰሻ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። (የኛ ካብ ማፋሰሻ አልነበረውም፤ አንዱ ጥፋታችን ይኸው ነው።)

ካብ ብቻውን ግን መሬት አያለማም። ማሽላው ከታጨደ በኋላ አገዳው በማሳው ላይ ተጋድሞ ውሃ ያቆማል። ማሽላው ከጥራጥሬ ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በመካከሉም ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው ሽፈራው ይተከላል። ከብቶቹ በግቢ ታስረው ሣርና አገዳ ይቀርብላቸዋል፤ ፍጉም ከቤት ጥራጊ ጋር ተጠራቅሞ በሰው ጀርባ ወደ እርሻ ይወሰዳል። በኛ በደጋው አገር ያው ፍግ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ይህ ከማገዶ እጦት እንጂ ከስንፍና እንዳልመጣ እናቶቻችንን አይተን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ከመሬቱ የወጣው ወደ መሬቱ ሳይመለስ ይቀራል።

የኮንሶ ሰዎች ዘመናቸውን በትውልድ ይቈጥራሉ፤ ትውልድ ለትውልድ ሲያስረክብም በየአደባባያቸው የጥድ ግንድ ያቆማሉ። ዩኔስኮ በሰኔ 2003 ዓ.ም. 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኮንሶን ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ ባህሉ 21 ትውልድ፥ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ፥ የዘለቀ መሆኑን አስታውቋል። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ካቡን የጀመረው ሰው ሳይሆን፥ በዚህ ሁሉ ዓመት ከዝናብ በኋላ የወደቀውን ድንጋይ እያነሣ የመለሰው ነው። ጠጋኙ ባለማሳው ራሱ ነው፤ ሥራው ሲከብደውም እንደኛ ደቦ ጎረቤት ይጠራል። ማሳው ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ለማን እንደሚጠግን ያውቃል።

ከዚህ ጋር የምናስተያየው በሰሜኑ አገር የተደረገውን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረኃብ በኋላ የመሬቱ መራቆት መንግሥትን የሚያሳስብ ጉዳይ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። በነዚሁ ማኅበራት አማካይነት፥ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ፥ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና ጥቂት ዘይት እየተሰጠ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን በዘመቻ ተሠራ። ይህ ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ በክፉ ቀን ብዙ ቤተ ሰብ በዚያ እህል አድሯል። ነገር ግን እርከኑ ጠባቡን ማሳ ይበልጥ አጠበበው፤ በሬ ለማዞር አስቸገረ፤ በድንጋዩም መካከል አይጥ ይራባ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መሬቱ በየጊዜው እንደ ገና ይደለደል ስለ ነበረ፥ ገበሬው እርከኑ ለከርሞ የማን እንደሚሆን አለማወቁ ነው። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ መመሪያውን ሲያላላ፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሥርዐቱ ሲወድቅ፥ በብዙ ስፍራ ገበሬዎቹ ራሳቸው እርከኑን አፈረሱት፤ የተከለለውንም ደን ቈረጡት።

ከመካከላችን ይህን የገበሬ ድንቁርና ያሉት ነበሩ። ሁለት ቀን ተከራክረን አሳቡን ጣልነው። ካቡ ይሠራ እንደ ሆነ ያልተጠየቀ ሰው ካቡን ባይጠብቅ ምን ያስገርማል? አዋጁ ለኮንሶም አዋጅ ነበር፤ ዳሩ ግን እዚያ ካቡ ከአዋጁ ቀድሞ ነበረ፥ የሠሪውም ልጅ በማሳው ላይ ነበር።

ኋላ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፥ ቀጥሎም በሌሎች ክፍሎች፥ ገበሬዎች የይዞታ ደብተር ይቀበሉ ጀመር። በትግራይ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሕዝብ ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ጠብቆ፥ ጎርፉን በክትር ይዞ፥ የደረቁ ጉድጓዶቹ ውሃ እንዲያገኙ አድርጎ በ2004 ዓ.ም. የኢኳቶር ሽልማት ተሸልሟል።

ኮንሶም ያለ ችግር አይደለም። ካብ ዝናብ አያመጣም፤ በድርቅ ዓመት እዚያም ይራባሉ። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ በሄዱ መጠንም የጠጋኙ ቍጥር ይቀንሳል።

የኛን ካብ ዘንድሮ በታኅሣሥ እንደ ገና ሠራነው፤ በግራው ጫፍም ማፋሰሻ ተውንለት። እኛ ግን በሰኔ እንሄዳለን። በክረምት ማን እንደሚጠብቀው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስበን ጠየቅን። እስካሁን ስማቸውን ያስመዘገቡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቤታቸው ለአጥሩ ቅርብ ስለ ሆነ ነው።