የማርሽ ጥርስን እንደ ሰነድ ማንበብ፦ ስለ አንድ የሥነ ፈለክ የእጅ ሰዓትና ስለ ባሕረ ሐሳብ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «ታሪኩን ትተህ ሰዓት ሻጭ ሆንህ እንዴ?» ሲል ቀልዶብኝ ነበር። ቀልዱ ቁም ነገር አለው። ዋጋውን የአንድ መምህር የብዙ ዓመታት ደመወዝ የማይሸፍነው የእጅ ሰዓት የታሪክን ተማሪ ምን ይመለከተዋል? መልሴ ሰዓቱ ሰነድ ነው የሚል ነው። ሠሪው ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ዓመት የሚያውቀውን በማርሽ ጥርስ ቍጥር ጽፎታል፤ ጥርሱን ቈጥሮ ማስላት የሚችል ሰው ያነበዋል። ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ ሰነድ አብረን እናነባለን። ንባቡም ወደ ራሳችን ባሕረ ሐሳብ እንዴት እንደሚመልሰን ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ዘመኑን ላስታውስ። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 «አስትሮን» የተሰኘውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት በቶኪዮ ለገበያ አቀረበ። በሞላ የሚሠራ ጥሩ ሰዓት በቀን ጥቂት ሰከንዶች ይሳሳታል፤ አስትሮን ግን የሚሳሳተው በወር አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱ ለስዊዘርላንድ መዓት ሆነ። በ1970 ገደማ ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የአገሪቱ የሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኛ ቍጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ አሽቈለቈለ። ለትውልዶች የኖረ ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ፋይዳ ቢስ የሆነ መሰለ፤ ሰዓትን በትክክል መቍጠር በርካሽ ባትሪ የሚከናወን ተራ ሥራ ሆኖ ነበርና።

በዚህ ውድቀት መካከል፣ በ1983፣ ሮልፍ ሽኒደር የተባለ ነጋዴ ኡሊስ ናርዳን የተሰኘውን ድርጅት ገዛ። ድርጅቱ በ1846 ለ ሎክል በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ የተመሠረተ፣ ለመርከብ ጕዞ በሚያገለግሉ ትክክለኛ ሰዓቶቹ ስመ ጥር የነበረ፣ በዚያን ጊዜ ግን ሊዘጋ የተቃረበ ነበር። ሽኒደር ሉሰርን ከተማ ውስጥ ዮርግ ሽፖሪንግ በተባለ ሰዓት ሠሪ ሱቅ አንድ የአስትሮላብ የግድግዳ ሰዓት አየ። ይህን በእጅ ሰዓት መጠን መሥራት ይቻል እንደሆነም ጠየቀ። የግድግዳውን ሰዓት የሠራው ሉድቪግ ኦክስሊን የተባለ ወጣት ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪዎች ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ እፈልጋለሁ። ኦክስሊን ወደ ሰዓት ሥራ የመጣው ሥነ ቍፋሮንና ጥንታዊ ታሪክን ካጠና በኋላ ነው። የሽፖሪንግ ሱቅ ተለማማጅ ሳለ ቫቲካን የሚገኘውን የፋርኔሴ ሰዓት የማደስ ሥራ ተሰጠው። ይህን ሰዓት ቤርናርዶ ፋቺኒ የተባለ የቬኒስ ተወላጅ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ሩብ ለፋርኔሴ ቤተ መሳፍንት ሠርቶታል። ለአዳሹ ሰዓቱን ማጽዳትና ዘይት መቀባት ብቻ አልበቃውም። የማርሾቹን ጥርስ ቈጠረ፤ የእያንዳንዱን ጥንድ ንጽጽር ወደ ቍጥር መለሰ፤ ቍጥሩንም ከፀሐይ፣ ከጨረቃና ከከዋክብት ዑደት ጋር አስተያየ። ፋቺኒ ዓመቱን ስንት ቀን፣ ወሩን ስንት ሰዓት አድርጎ እንደ ቈጠረው ከናሱ ላይ አነበበ። የብራና ተመራማሪ የጸሐፊውን እጅ ከፊደሉ አጣጣል እንደሚለይ ሁሉ እርሱም የሠሪውን ዕውቀት ከጥርሱ ለየ።

ከዚህ ንባብ የተገኘው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፤ «አስትሮላቢዩም ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» ተባለ። በ1988 ኮፐርኒከስ የተሰኘው፣ በ1992 ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር የተሰኘው ተከተሉት። በሰዓት ሠሪዎች ቋንቋ ከሰዓት፣ ከደቂቃና ከሰከንድ በላይ የሚታከል ማንኛውም ተግባር «ኮምፕሊካሲዮን» ይባላል። የመጀመሪያው ሰዓት እነዚህን ተግባራት የሰበሰበው በክንድ ላይ በሚውል ክብ ውስጥ ነው፤ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ቦታ፣ መውጫቸውንና መግቢያቸውን፣ የጨረቃን መሙላትና መጕደል፣ እንዲሁም ግርዶሽን ያሳያል። ለግርዶሹ የሚያገለግለው በአውሮፓ የሥነ ፈለክ ሰዓቶች ልማድ «ዘንዶ» የሚባለው ጠቋሚ ነው። የጨረቃ ጎዳና የፀሐይን ጎዳና የሚያቋርጥባቸውን ሁለት ነጥቦች ያመለክታል፤ ዙሩንም የሚጨርሰው በ18 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ከዘንዶው አጠገብ በአንድነት ወይም በትይዩ ሲገኙ ግርዶሽ ይሆናል።

እስኪ አሁን ንባቡን በቀላሉ እንጀምር። በተራ የጨረቃ ሰዓት ውስጥ ባለ 59 ጥርስ ማርሽ አለ። ሁለት ጨረቃዎች ተሥለውበታል፤ በየቀኑ አንድ ጥርስ ይራመዳል። እንግዲህ አንዱ የጨረቃ ወር ለእርሱ 29 ቀን ተኩል ነው። የሰማይዋ ጨረቃ ግን በአማካይ 29.5306 ቀን ትፈጃለች። ልዩነቱ በየወሩ 44 ደቂቃ ነው፤ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ሙሉ ቀን ይሆናል። ውድ በሆኑት ሰዓቶች ባለ 135 ጥርስ ማርሽ ይገባል፤ ስሕተቱም በ122 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ገዢው የሚከፍልበት አንዱ ነገር ይህ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ «ዘላለማዊ ካላንደር» የሚባለው ነው። ቶማስ ሙድጅ የተባለ እንግሊዛዊ በ1762 ለኪስ ሰዓት ሠራው፤ ፓቴክ ፊሊፕ ደግሞ በ1925 በእጅ ሰዓት አወጣው። በተለመደው አሠራር በአራት ዓመት አንዴ የሚዞር ማርሽ ጠርዙ ላይ 48 እርከኖች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ እርከን መሆኑ ነው። የእርከኑ ጥልቀት ወሩ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን መሆኑን ለሰዓቱ ይነግረዋል። ስሙ ግን ከሥራው ይበልጣል። ማርሹ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር። ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ያወጀው ካላንደር ደግሞ ለ400 የማይካፈሉትን የመቶ ዓመታት ከዚህ ሕግ ያወጣቸዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2100 ከፌብሩዋሪ 28 ማግስት ዓለም ማርች 1 ሲል «ዘላለማዊው» ሰዓት 29 ይላል። ባለቤቱ ወይም ሰዓት ሠሪ በእጁ ሊያርመው ይገባል።

በማርሹ ውስጥ የተጻፈው እንግዲህ የጎርጎርዮስ ሕግ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበረው የዩልዮስ ቄሣር ሕግ ነው። ይህን ሕግ የሚጠብቀውን ካላንደር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ብለን ዓመታትን የምንቈጥርበት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን ያለ ምንም ልዩነት ስድስት የምናደርግበት የእኛው ካላንደር ነው። በ2100 መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 የሚገፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም ካልነካው የስዊዘርላንዱ ማርሽ ከዚያ ዓመት በኋላ የእንቍጣጣሽን ቀን በሴፕቴምበር 11 ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ከዓለም ጋር ተለያይቶ ከእኛ ጋር ይሄዳል።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ቄሣር ካላንደሩን ሲያርም ያማከረው የእስክንድርያው ሶሲጌኔስ ነበር። የእኛ ባሕረ ሐሳብም ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ነው። በግእዝ የምናውቀው «አቡሻኽር» እንኳ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ የግብፅ ክርስቲያን ሥራ ነው። አስትሮላብም ከግሪኮች ሥነ ፈለክ ተነሥቶ በእስላማዊው ዓለም ሊቃውንት እጅ ዳብሯል፤ በኦክስፎርድ የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም የሚታየው ባለ ማርሽ አስትሮላብ በኢስፋሃን በ1221/22 የተሠራ ነው። የእጅ ሰዓቱ የጋሊሌዮን ስም ይሸከም እንጂ ዘሩ ቢቈጠር እስክንድርያንና ኢስፋሃንን ይነካል። የገበያ ስምና የዕውቀት የዘር ሐረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ባሕረ ሐሳብን በዚሁ ዓይን እንየው። የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ሰዓት ሠሪ ይህን ቢሰማ ባለ 19፣ ባለ 30ና ባለ 7 ጥርስ ማርሾች ተያይዘው ሲዞሩ ይታየዋል። ናስ የለበትም፤ ማሽኑ ያለው በሊቁ አእምሮ ውስጥ ነው።

ይህን ማሽን እንለካው። 19 ዓመት በ365 ቀን ከሩብ ሲባዛ 6939.75 ቀን ነው። 235 የጨረቃ ወራት ደግሞ 6939.69 ቀን ያህል ናቸው። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አንድ ቀን የሚሞላው ከ300 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን ለመሳሳት ባለ 59 ጥርሱ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላውም፤ ባለ 135ቱ 122 ዓመት ይፈጅበታል፤ በቃል የሚሰላው ባሕረ ሐሳብ ከ300 ዓመት በላይ ይጓዛል።

ጭብጨባችሁን ግን አቈዩልኝ። ያው ስሌት ለዘመናት ሳይታረም ስለ ተጓዘ ስሕተቱ ተጠራቅሟል፤ ዛሬ የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ በአራት በአምስት ቀን ገደማ ትዘገያለች። ዓመቱም ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ስለሚረዝም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይገፋል። በአስትሮላቢዩሙ ማስታወቂያ ላይ የሚጠቀሰውንም አባባል በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል፤ ሰዓቱ በ144,000 ዓመት አንድ ቀን ብቻ ይሳሳታል ይባላል። ይህ የማርሾቹ ንጽጽር የወረቀት ስሌት ነው። ሞላው በየጊዜው ካልተጠመጠመ ሰዓቱ ይቆማል፤ የምድር ሽክርክሪት ራሱ በዚያን ያህል ዘመን ውስጥ እየዘገየ ይሄዳል፤ የምድር ዛቢያም በ26,000 ዓመት ገደማ አንዴ ይዞራል። አስትሮላብ ደግሞ የሚሠራው ለአንድ ኬክሮስ ነው፤ ለማዕከላዊ አውሮፓ የተቀረጸ ገጽ በ9 ዲግሪ ላይ ላለችው አዲስ አበባ የፀሐይን መውጫ በትክክል አይነግራትም።

ንግግሬን ወደ ማጠቃለያው ላድርስ። ስለ ባሕረ ሐሳብ በዚህ ግቢ ሁለት ዓይነት ንግግር ሲደጋገም ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ። አንደኛው «ዓለም ያላወቀውን እኛ እናውቃለን» የሚል ትምክሕት ነው። ሁለተኛው «የቤተ ክርስቲያን ጕዳይ ነው፤ ከሳይንስ አይቈጠርም» የሚል ንቀት ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው አለመቍጠራቸው ነው። ትምክሕተኛውም ናቂውም ጥርሱን አልቈጠሩም። እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። በወጣትነቴ አንድ አረጋዊ መምህር የማንኛውንም ዓመት ፋሲካ በቃላቸው ሲያወጡ አጠገባቸው ተቀምጬ አደነቅኋቸው፤ እንዴት እንደሚያወጡት ግን አልጠየቅኋቸውም። ለመጠየቅ ስመለስ ዐርፈው አገኘሁ። ስሌቱን በኋላ ከመጽሐፍ ተማርሁት፤ እርሳቸው በየት በኩል አቋርጠው ያን ያህል ይፈጥኑ እንደ ነበር ግን ዛሬም አላውቅም።

የፋርኔሴ ሰዓት ዕድለኛ ነበር። ሠሪው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ አንድ የታሪክ ተማሪ ጥርሱን ቈጥሮ አስነሣው፤ ናስ ይጠብቃል። በሰው አእምሮ ውስጥ ያለው ማሽን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ሂዱ፤ ሲያሰሉ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እያንዳንዱን እርምጃ መዝግቡ፤ ከዚያም ለኩት። ስሕተት ብታገኙ ጻፉት፤ ጥበብ ብታገኙም ጻፉት። ይህን የምትሠሩ ከሆነ ባልደረባዬ ሰዓት ሻጭ ቢለኝም ግድ የለኝም።