ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ

አያቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ከነበረው ቤታችን ወጥታ ማድ ቤት መተኛት የጀመረችው በ1964 ዓ.ም. ነው። ያስወጣት ሰው የለም። አባቴ የሣር ክዳኑን አውርዶ ቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰው፤ ጎረቤቱም «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ጠላ ጠጣልን። እሷ ሦስት ሌሊት አደረችበትና በአራተኛው አጎዛዋን ጠቅልላ ሣሩ ወዳልተነካው ማድ ቤት ገባች። «እናንተ ቤት ሰማዩ ቅርብ ነው» ነበር ያለችው። አባቴ በሰው ፊት አፈረ፤ እናትና ልጅ ለብዙ ጊዜ ተኳረፉ። እኔም በልጅነት አእምሮዬ የአሮጊት ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ተመልሶ የመጣብኝ አሁን፣ አዲስ አበባ ያለውን የእናቴን ቤት ማሳደስ ሲገባኝ ነው። እማዬ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ደረቷ ብርድ አይችልም።

አዲስ አበባ ራሷ ከብርድ ሽሽት የተወለደች ከተማ ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም። አፄ ምኒልክ የሰፈሩበት እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ነፋስ የሚገርፈው ጋራ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው በ1879 ዓ.ም. እታች ቤት ሲያሠሩ ከተማዋ ተቆረቆረች። የዚያ ዘመን ቤት፣ የመኳንንቱም ቢሆን፣ በአብዛኛው ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር ነበር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ ይለጠፋል፣ ይመረጋል። እንዲህ ያለው ወፍራም ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። የሣር ክዳን ሥራው ሌላ ነው። ደህና አድርጎ የከደነው ሰው ከስንዝር በላይ ያወፍረዋል፤ ሙቀቱን የሚከለክለውም በሰበዞቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀንም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ግድግዳው ያስቀምጣል፣ ክዳኑ ያግዳል ማለት ነው።

ሣሩን ግን ከልክ በላይ ማወደስ አልፈልግም። በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ያፈሳል፣ አንዲት ፍንጣሪ ሠፈር ታቃጥላለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ እንደ ልብ መግባት ቻለ፤ ሰውም የወደደው በሞኝነት አልነበረም። አባቴም እንደዚያው።

ጉዱ የሚታየው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ቆርቆሮ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ደመና በሌለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳ የባሰ ይቀዘቅዛል፤ የተኛው ሰው ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት ከሥሩ ጠብታ ይሆንና ንጋት ላይ ግንባር ላይ ጠብ ይላል። በቀትር ደግሞ ምጣድ ነው። አያቴ «ሰማዩ ቅርብ ነው» ስትል ፊዚክስ መናገሯ ኖሯል።

ከተሜው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አቡጀዲ ሰፍቶ ከማገሩ ሥር ወጠረ፣ ኖራ ቀባው፣ ኮርኒስ አለው። ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጠፈበት። እኔ ፊደል አጥንቼ ማንበብ የተለማመድኩት ከአክስቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ወሬ አልጋው ጀርባ ስለሚገባ ፍጻሜውን ሳላውቅ ቀርቻለሁ። አቡጀዲው የአይጥ ሩጫ ሜዳ ሆነ እንጂ ከቆርቆሮው በታች የአየር ክፍተት መፍጠሩ ብልኃት ነበር።

በየአገሩ የነበረውን ቤት ስናይ ሁሉም የየራሱን ችግር አውቆ የተሠራ ነው። የትግራይ ሕድሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ አለው፤ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ለሆነበት አገር ይስማማል። የጥንቱ የሐረር ቤትም በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበረው። የዶርዜ ሰው ቀርከሃ ይሸምንና በእንሰት ቅጠል ሽፋን ያለብሰዋል፤ ምስጥ ከሥር በበላው ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። የአፋሩ የሰሌን ቤት ግን ሙቀት ማስቀመጥ ከቶ አይፈልግም፤ ነፋስ ማሳለፍ፣ ፀሐይ መከለል፣ ሲሄዱም በግመል መጫን ይበቃዋል።

የዛሬ ግንበኞቻችን ለሁሉም አንድ መድኃኒት ያዝዛሉ። ለእማዬ ቤት የመጣው አናጢ «ጋሼ፣ ጭቃውን ሲሚንቶ እንለስነው፣ ጣሪያው ይቆይ» አለኝ። ተገላቢጦሽ ነው። የጭቃ ቤት ገመናው ጣሪያው እንጂ ግድግዳው አይደለም፤ ሲሚንቶ ደግሞ ጭቃ ላይ ይሰነጠቃል፣ እርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል። የብሎኬት ቤት ቢሆን ግድግዳውም ያሳስበኝ ነበር፤ ሆዱ ባዶ ስለሆነ እንደ ጭቃው ሙቀት አያከማችም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ መካከለኛ ፎቅ ያለ ሰው ላዩም ታቹም ጎረቤት ያሞቀዋል፤ መጨነቅ ያለበት የላይኛው ነው።

ግድግዳውን በጭቃና በኖራ አስጠገንኩ። አቡጀዲው ወርዶ የቺፕውድ ኮርኒስ ተመታ። ከበላዩ ፎም ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን እሳት ሲነካው ጢሱ መርዝ ነው፣ የቤቱም የኤሌክትሪክ ሽቦ አሮጌ ነው። ከመስታወት ቃጫ የተሠራውን ጥጥ መሰል ንጣፍ አስነጠፍኩ፤ ከቆርቆሮው ጋር እንዳይጣበቅና እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ ክፍተት አስተዉኩ።

አናጢው የመስኮቱን ሽንቁር ሁሉ ሊደፍን ሲል ግን ተጣላን። እማዬ ቡና የምታፈላው በከሰል ነው። ከሰል በታፈነ ቤት ስንቱን ተኝቶ እንዲቀር እንዳደረገ እያወቅሁ፣ ብርድ ሸሽቼ እናቴን ለጢስ አልሰጣትም። ከበሩ በላይና ከመስኮቱ ሥር ሁለት መተንፈሻ አስቀረሁ፤ እሱ «ታዲያ ምኑን ሞቀ?» እያለ አጉረመረመ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ደወልኩላት። ጋቢዋን አውልቃ መቀመጧን ነገረችኝ። ቅሬታዋ ሌላ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ድምፁ ስላልተሰማት የተሰጣው በርበሬ ራሰባት።