የአዳራሹ በርና የማታው መንገድ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ አንድ ታዋቂ ቤት ሲያወሩን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነግሩናል። ማን አሠራው? መቼስ ተመረቀ? ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ቤቱ የሙዚቃ አዳራሽ ከሆነ ደግሞ የዘፋኞቹ ስም ይጨመርበትና ታሪኩ ተጠናቀቀ ይባላል። ሊሰማ የመጣው ሰውስ? በምን መጣ? በሩ ላይ ማን አስገባው፣ ማንስ መለሰው? ሙዚቃው ሲያልቅ በዚያ ጨለማ ወደ ቤቱ በምን ተመለሰ? ይህን የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን እስቲ እንጠይቅ። የከተማችን የሙዚቃ አዳራሾች ታሪክ ከግንቡ ይልቅ በበሩና በመንገዱ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አዳራሽ የሚባለው ነገር ለሙዚቃችን አዲስ እንደነበር እናስታውስ። አባቶቻችን ሙዚቃ የሚሰሙት በዳስ፣ በአደባባይ፣ በጠጅ ቤት ነበር። ዳስ በር የለውም፤ የተጠራም ያልተጠራም ጆሮውን ጣል ያደርጋል። አዝማሪውም ማሲንቆውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። አዳራሽ ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሙዚቃው አንድ ቦታ ተቀመጠና ሰሚው ይጓዝ ጀመር። የትራንስፖርት ነገር ከሙዚቃችን ታሪክ ጋር የተቆራኘው ያን ጊዜ ነው።

በሩም ቢሆን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። በከተማችን መጀመሪያ ፊልም የታየበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴላቸውን ሲከፍቱም እንግዳ ተጠፋ፤ ምግብ በልቶ ገንዘብ መክፈል ነውር ሆኖ ታየ። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን እየሰበሰቡ አለማምደዋቸዋል ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሰው ከአንድ ቤት ደጅ የሚመለሰው በረኛ ስለከለከለው ብቻ አይደለም። «ይህ የኔ ቦታ አይደለም» የሚለው የራሱ ሐሳብም ይመልሰዋል።

ይህን ሐሳብ ለመስበር ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ የሀገር ፍቅር ማኅበር ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ የተመሠረተው በመኰንን ሀብተወልድ መሪነት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር በድንበር ላይ እየተሰባሰበ በነበረበት ሰዓት። አዳራሽ አልነበረውም። ሕዝቡን ምኒልክ አደባባይ እየሰበሰበ በንግግርና በዘፈን ይቀሰቅስ ነበር። አደባባይ ደግሞ እንደ ዳስ ነው፤ ቲኬት የለው፣ ደረጃ የለው። ከየሰፈሩ በእግሩ የመጣ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ወረራው መጣ። ጠላት የዘፈንን ጉልበት ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቅ ነበርና፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ በግራዚያኒ ትእዛዝ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተለቀሙ ተረሸኑ። ወንጀላቸው ወሬ ማዛመት ነበር። በዚያው ዘመን ከተማዋ በቀለም ተከፈለች። ጣሊያን ሀገሬውን ከመሀል ከተማ እየገፋ ወደ ምዕራብ አሰፈረው፤ ዛሬ አዲስ ከተማና መርካቶ የምንለው ሰፈር የዚያ ፕላን ውጤት ነው። ሲኒማውም መዝናኛውም ለነጭና ለጥቁር የተለየ ሆነ። ይህን የምናነሣው ቂም ለመቆስቆስ ሳይሆን አንድ ነገር ለመጨበጥ ነው። ሰውን ከሙዚቃ ለማራቅ በሩ ላይ ዘበኛ ማቆም የግድ አይደለም፤ ሰፈሩን ማራቅ ይበቃል።

ከድል በኋላ ሀገር ፍቅር በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተቋቋመና ፒያሳ ላይ አዳራሽ አገኘ። ከአደባባይ ወደ ቤት መግባት ማለት ነው። ገብቶም ብዙ ነገር አደረገ። ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከመሄዱ በፊት የሠራው እዚያ ነው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው የታዩትም በዚህ ቤት ነው። የቤቱ አቀማመጥም ትልቅ ነገር ነበር። ዙሪያውን የደሳሳ ጎጆ ሰፈሮች ከበውታል፤ ከእሪ በከንቱ፣ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሠራተኛ ሰፈር የሚመጣው ሰው አውቶቡስ አያስፈልገውም ነበር። ነጠላውን ጣል አድርጎ ይመጣል፣ ሲያልቅ እያንጎራጎረ ይመለሳል።

በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ተከፈተ። ለንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ነው። ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ የጀመረውን ሕንፃ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት አስፋፍቶ ቀየረው። በአቅራቢያው የቆመው የድንጋይ አንበሳ የሌላው ፈረንሳዊ፣ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ኦርኬስትራውን መጀመሪያ ያደራጀው ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ነበር፤ ኋላም አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ደክሞበታል። ለነጭ ሲኒማ የታሰበ ቤት የሀገር ቲያትር መሆኑ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ቤቱ ያለው ከለገሀር አጠገብ፣ ከባንኩና ከሆቴሉ መካከል ነው። ለባቡር መንገደኛ፣ መኪና ላለው፣ ከቢሮ ለሚወጣ ሰው የተመቸ። ከጉለሌ ወይም ከሽሮ ሜዳ ለሚመጣ ሰው ግን ሌላ ነው። መምጣቱስ ቁልቁለት ነው፤ የቸርችልን ዳገት በሌሊት ሽቅብ መመለሱ እንጂ! ካባና ክራባት የለበሰው ደጃፉ ላይ ሲታይ ደግሞ የ«ሰይጣን ቤት» ዘመን ፍርሃት በሌላ መልኩ ይመለሳል።

በዚሁ ዘመን ሙዚቃ ሁለተኛ በር አገኘ። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በዐዋጅ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር መብት ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግድም ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ብዙዎች ይህን የንግድ ታሪክ አድርገው ያነቡታል። የትራንስፖርት ታሪክም ነው እኮ! አዳራሹ ድረስ መምጣት ላልቻለው ሰው ሙዚቃው ራሱ ተሳፍሮ ሄደለት። ደሴ ያለ ቡና ቤት፣ ጅማ ያለ ሻይ ቤት በአንድ ሸክላ አዳራሽ ሆነ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ፤ የሰዓት እላፊ ዐዋጅም ተከተለ። ሰዓቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል፣ የከተማዋ ሌሊት ተቆለፈ። የማታ ቤቶች ብዙዎቹ ተዘጉ። የቀሩት ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው፤ ራስ፣ ግዮን፣ ሂልተን። እዚያም አንድ እንግዳ ልማድ ተፈጠረ። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት የገባ ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ ይቆያል። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ያ ሁሉ ረጅም ጨዋታ፣ ያ ሁሉ የተካነ ባንድ፣ ከፊሉ የታክሲ እጦት ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 የመሣሪያ ሙዚቃውን የቀዳው በራስ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዛሬ ያንን ቅጂ የሚሰማ ወጣት በምርጥ ስቱዲዮ የተሠራ ይመስለዋል። የሠራው በሌሊት የታጠረ ከተማ ነው። ደግሞም አንርሳ፣ ሌሊቱን በሆቴል ለማሳለፍ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ከመግሪብ በፊት ቤቱ ገብቶ ሬዲዮኑን ከፍቷል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ፤ የጃዝ ምሽት ይካሄድበት የነበረው ጃዝአምባም ከነአዳራሹ ወደመ። ከተማው አዘነ፣ ማዘንም ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ተራ ደረሰ፤ አዝማሪ ቤቶቹም አብረው ሄዱ። ነዋሪው አብዛኛው ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። ክርክሩ ሁሉ «የትኛው ቤት ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም» በሚለው ላይ ሆነ። አዳራሹ ከተረፈ ተመስገን ተባለ። ታዲያ በእግሩ ይመጣ የነበረው ሰውዬስ? እሱ ቅርስ አይደለም?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስለ ኪነ ጥበብ እናውራ ስንል ስለ አውቶቡስ ታወራላችሁ» ይሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ታዳሚ የሌለው ቲያትር ቤት ሙዚየም ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተስፋ ነበር። ከቃሊቲ፣ ከአያት፣ ከጦር ኃይሎች የሚነሣ ሰው በጥቂት ብር ለገሀር ይደርስ ነበር። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ግን በመለዋወጫ እጦት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆሙ። ባቡር ሲቆም የቆመው ጉዞ ብቻ እንዳይመስለን። አያት ያለች የፋብሪካ ሠራተኛ ከብሔራዊ ቲያትር ጋር ያላት ግንኙነትም አብሮ ቆሟል። ቅርስ ጠባቂው ጣሪያውን ጠግኖ ሲጨርስ ሥራዬ አለቀ ካለ፣ ግማሹን ብቻ ነው የሠራው።

ነገሩን በወረቀት ብቻ እንዳናስቀረው፣ ቤቶቹን በእግር ዞሮ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ጥቂት ምክር እንጨምር። ጉዞውን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ማድረግ ይሻላል፤ ቁልቁለቱን ለእግር፣ ዳገቱን ለታክሲ! ከአራት ኪሎ በራስ መኰንን ድልድይ ተሻግሮ ፒያሳ መድረስ ነው። ሀገር ፍቅር እዚያው ነው። ከሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ጣይቱ ሆቴል አለ። ቀጥሎ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ይገኛል፤ እሱም የራሱ የቲያትር አዳራሽ አለው። ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል ይዞ ብሔራዊ ቲያትር፣ ራስ ሆቴል፣ በመጨረሻም ለገሀር። መንገዱ በጠቅላላው ከአራት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ለተማሪ እግር ቀላል ነው። ዝግጅት መስማት የሚፈልግ ፕሮግራሙንና የቲኬቱን ዋጋ ቀን ሄዶ በሩ ላይ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ማታ ለመመለስ ደግሞ ከራሱ ሰፈር አቅጣጫ ጓደኛ ይዞ ይሂድ። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛ ካለን አስቀድመን ደረጃውን እንይለት። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ እሱን ያሰበው ሰው አልነበረምና። የማዘጋጃ ቤቱን ግርማ ወይም የድንጋዩን አንበሳ ስናደንቅ ደጃፉ ላይ ስንት እርከን እንዳለም እንቁጠር። እሱም ታሪክ ነው።

ከዚህ ሌላ የኛ የተማሪዎች ድርሻ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። የዘፋኞቹን ታሪክ የሚጽፍ አልጠፋም። የሰሚዎቹን ግን ማንም አልሰበሰበውም። በየቤታችን እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ጎረቤት አሉ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ቲያትር ቤት የገቡት መቼ ነው? ማን ወሰደዎት? ስንት ከፈሉ? በምን ተመለሱ?» ብለን እንጠይቃቸው። «ኧረ እኔ ገብቼም አላውቅ» የሚሉን ካሉ፣ ያንንም ሳንሸራርፍ እንጻፈው፤ ምክንያቱንም እንጠይቅ። ፒያሳና ካዛንቺስ ተወልደው ዛሬ ከከተማዋ ዳር የሚኖሩት ሰዎች የሚነግሩን ነገር ከየትኛውም የምረቃ ድንጋይ ላይ አይገኝም፤ እነሱም በዕድሜ እየገፉ ነው። ይህ ሥራ ደብተርና እርሳስ፣ ጥቂትም የአውቶቡስ ሳንቲም ይበቃዋል። ቶሎ መጀመር ብቻ ነው።