የግል ክላውድ እና የቨርችዋላይዜሽን አውቶሜሽን

የግል ክላውድ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተመደበ የክላውድ አገልግሎት ሲሆን፣ በድርጅቱ ወይም በአቅራቢ ዳታ ሴንተር ሊቀመጥ ይችላል። የቨርችዋላይዜሽን አውቶሜሽን ደግሞ ቨርችዋል ማሽኖችን የመፍጠርና የማዋቀር ሥራን በስክሪፕት ወይም እንደ ቴራፎርምና አንሲብል ባሉ መሣሪያዎች ማከናወን ነው። ሁለቱም በአብዛኛው አንድን ሰርቨር ለብዙ ቨርችዋል ማሽኖች በሚያከፋፍለው ሃይፐርቫይዘር ላይ ይመሠረታሉ።

ልዩነት፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ ክላውድ አምስት መለያዎች አሉት፦ ተጠቃሚው ራሱን በራሱ ማስተናገዱ፣ በኔትወርክ ተደራሽነት፣ የሀብት መጋራት፣ በፍጥነት መስፋትና መጥበብ፣ የፍጆታ ልኬት። እነዚህን ሁሉ ሳያሟላ በአውቶሜሽን ብቻ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሰርቨር የፈለገ ክፍል ጥያቄ ያስገባል፤ የአይቲ ባለሙያው ስክሪፕቱን ያስኬዳል። በግል ክላውድ ግን ጠያቂው ከፖርታል ላይ የሚሞሪና የዲስክ መጠን መርጦ ያዛል፤ ሲስተሙ ኮታውን አይቶ ማሽኑን ያስነሳል፣ ፍጆታውንም በክፍሉ ስም ይመዘግባል።

ምርጫ፦ ጥያቄው ጥቂትና ተመሳሳይ ከሆነ አውቶሜሽን ይበቃል። ብዙ ቡድኖች በየጊዜው ማሽን የሚያስነሱና የሚያጠፉ ከሆነ የግል ክላውድ ያዋጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ናሳና ራክስፔስ የጀመሩት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ኦፕንስታክ ለዚህ ያገለግላል፤ ሆኖም ለማስተዳደር የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል።