ለመኖሪያ ቤት ደረጃ የሚሆን ጠንካራ እንጨት እንዴት ይመረጣል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች እየበዙ ናቸው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብም ለግንባታው ከዋሉት ምንጮች አንዱ ነው። ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ በኮንክሪት ይሠራና በሴራሚክ፣ በቴራዞ ወይም በእብነ በረድ ይሸፈናል። በእንጨት መሸፈን የሚፈልግ ባለቤት ግን ምርጫውን ከግንባታው መጀመሪያ አንስቶ ሊያስብበት ይገባል። በዚያ ደረጃ በየቀኑ የሚወጡትና የሚወርዱት እናት፣ አባትና ሕፃናት ናቸውና፣ የተጣመመ ወይም የሚያንሸራትት መርገጫ ከውበት ጉድለት ይልቅ የአደጋ ምክንያት ይሆናል።

የእንጨቶቹ ጠባይ

በአገራችን የእንጨት ሥራ ዋንዛና ዝግባ የቆየ ክብር አላቸው። ዋንዛ ቀለሙ ያማረ፣ ለመሥራት የሚመች፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም ነው። ሆኖም ቀላል እንጨት በመሆኑ ለበርና ለቁም ሣጥን የተመቸውን ያህል ለደረጃ አይመችም፤ በጫማ ተረከዝና ከጫማ ሥር በሚገባ ጠጠር ቶሎ ይጎደጉዳል። ዝግባም አንጓ የማይበዛበት ጥሩ ጣውላ ይሰጣል፤ ነገር ግን ምስጥን አይቋቋምም። ጥድ ምስጥን ቢቋቋምም በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወይራ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ግንዱ ስለሚጣመም ግን ሰፊና ቀጥ ያለ ጣውላ አይገኝበትም።

መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በአካባቢው በብዛት ይበቅላል። በሜትር ኩብ ከ700 እስከ 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን በመሆኑ መርገጥን በሚገባ ይችላል፤ ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከነጩ የበለጠ መበስበስን ይቋቋማል። ችግሩ ያለው በማድረቁ ላይ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ለማገርና ለምሰሶ ተብሎ በጥቂት ዓመታት ዕድሜው የሚቆረጠው ቀጭን ግንድም ለመርገጫ አይሆንም፤ ውስጠኛው ጠንካራ ክፍል ያደገበት ትልቅ ግንድ ያስፈልጋል። በእርሻ ዳር የሚተከለው ግራቪሊያ በጥንካሬው ከዋንዛና ከባሕር ዛፍ መካከል ይመደባል፤ ጥቂት ሰው ለሚመላለስበት ደረጃም ይበቃል።

ከዝርያው ይልቅ ድርቀቱ

እርጥብ ሆኖ የተገጠመ ጠንካራ እንጨት፣ በሚገባ ደርቆ ከተገጠመ ለስላሳ እንጨት የባሰ ጉዳት ያመጣል። በወርዱ 5 በመቶ ብቻ የሚኮማተር 30 ሴንቲ ሜትር መርገጫ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ በዚህም ብሎኑ ይላላል፣ ጣውላውም ይሰነጠቃል።

በልማድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ሁኔታ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ድርቀቱን በሚዛን መፈተን ይቻላል፦ ከጣውላው መሐል ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ሳያርር በምድጃ ውስጥ በ100 ዲግሪ ገደማ ከደረቀ በኋላም ዳግመኛ ይመዘናል። መጀመሪያ 560 ግራም ሆኖ በመጨረሻ 500 ግራም ከሆነ የነበረው እርጥበት 12 በመቶ ነው። ለቤት ውስጥ ደረጃ ከ10 እስከ 14 በመቶ ተስማሚ ነው። 650 ግራም የነበረው ቁራጭ ወደ 500 ከወረደ ግን እርጥበቱ 30 በመቶ ነውና ጣውላው ገና አልደረሰም።

ከአንድ ሰፊ ጣውላ ይልቅ በደንብ የደረቁ ጠባብ ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው የሚሠሩት መርገጫ ቅርፁን የተሻለ ይጠብቃል።

ልኬትና አገጣጠም

በኮንክሪት ላይ ለሚያርፍ መርገጫ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። በሁለት ጫፉ ብቻ ለሚደገፍ ግን 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በሁለቱ ወለሎች መካከል ያለው ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው 16.7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ይኖሩታል፤ የላይኛው እርከን ራሱ ወለሉ በመሆኑ የሚፈለጉት መርገጫዎች 17 ናቸው። እያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ በድምሩ 0.153 ሜትር ኩብ እንጨት ይፈልጋል። ለብክነት አንድ አምስተኛ ያህል መጨመር ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የእንጨቱ ውፍረት ነው። በእኩል ከፍታ በተሠራ የኮንክሪት ደረጃ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር እንጨት ሲጨመር፣ የታችና የላይ ወለሎች ካልተስተካከሉ፣ የመጀመሪያው እርከን በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ የመጨረሻው ደግሞ በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። እግር ከለመደው ከፍታ የሚለይ እርከን ሰውን ይጥላል። ስለዚህ ውፍረቱ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ለግንበኛው መነገር አለበት። መርገጫው የሚገጠመውም ኮንክሪቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

ጣውላው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ቫርኒሽ መቀባት አለበት፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ እርጥበት በአንድ ወገን እየገባ ያጣምመዋል። ከግድግዳው ጋር ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። በክረምት ጭቃና ውሃ በጫማ ስለሚገቡ፣ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ያንሸራትታል፤ የፊት ጠርዙን ማለዘብና በጠርዙ አጠገብ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መስመሮችን መቦርቦር እግርን ያጸናል።

የእንጨቱ ምንጭ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከጥብቅ ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ዘርፉ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ገዢው ከሻጩ ደረሰኝና የማጓጓዣ ፈቃድ መጠየቁ ራሱን ከሕግ ተጠያቂነት፣ የቀሩትን አገር በቀል ዛፎችም ከመጥፋት ይጠብቃል። በግል ይዞታ የተተከለና በትዕግሥት የደረቀ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ማግኘት የሚችል ባለቤት፣ ለደረጃው ዋንዛ ወይም ዝግባ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም።